«የባሕር ጣውላ» ወይስ «የጀልባ ንብብር»? ስለ አንድ የአናጢነት ቃል አሰያየም

1. መነሻ

የሙያ ቃላትን የሚያዘጋጅ ሰው ቃል አጥቶ ከሚቸገርበት ጊዜ ይልቅ ቃል ፈጥኖ አግኝቶ የሚሳሳትበት ጊዜ ይበልጣል። የባዕዱ ስያሜ ሁለት ክፍል ያለው እንደ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ የአማርኛ ቃል ይፈለጋል፤ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ ሥራውም እንዳለቀ ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስያሜ በዚህ አኳኋን ከተተረጎሙት አንዱ ነው። ይኸውም ለትንሽ የእንጨት ጀልባ መሥሪያ የሚመረጠው፣ በእንግሊዝኛ «ማሪን ፕላይውድ» የሚባለው ጣውላ ስያሜ ነው።

ለጥናታችን ምክንያት የሆነን አንድ የትርጉም ረቂቅ ነው። ስለ ትንሽ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ አሠራር የሚናገር አንድ መመሪያ፣ በሐይቅ ዳር ለሚኖሩ አናጢዎች እንዲታደል ታስቦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ ነበር፤ ከመታተሙ በፊትም ቃላቱን እንድንመለከት ቀረበልን። በረቂቁ ውስጥ ያው አንድ ነገር በሦስት ቦታ በሦስት ስም ተጠርቷል። በመግቢያው «የባሕር ጣውላ»፣ በዕቃዎች ዝርዝር «ማሪን»፣ ስለ ወለሉ አሠራር በሚናገረው ክፍል ደግሞ «ውኃ የማያስገባ እንጨት» ተብሏል።

አንድን ነገር በሦስት ስም መጥራት ራሱ ጉድለት ነው፤ ይህ ግን በቀላሉ የሚታረም ነው። የባሰው፣ ሦስቱም ስሞች አንባቢውን ወደ ሦስት የተለያዩ የተሳሳቱ ጣውላዎች የሚመሩ መሆናቸው ነው። ይህንንም በሚገባ የተረዳነው ረቂቁን ይዘን ልደታ ከሚገኙ የእንጨት ነጋዴዎችና አናጢዎች ዘንድ ከሄድን በኋላ ነው። ጉዳዩ ከቃል አልፎ ይሄዳል፤ በተሳሳተ ስም የተገዛ ጣውላ ከዳር ርቆ ውኃ ላይ ሲላቀቅ፣ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ቀዛፊው ነውና።

2. የሚሰየመው ነገር

ስለ ስያሜው ከመነጋገር አስቀድሞ የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ይገባል። እንጨት ወደ አንድ አቅጣጫ ጠንካራ፣ ወደ ሌላው አቅጣጫ ግን ደካማ ነው። በርዝመቱ፣ ማለትም ጅማቱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በቀላሉ አይሰበርም፤ ውኃ ሲጠጣም ይህን ያህል አይለወጥም። በአግድሙ ግን ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሰፊ ሳንቃ በክረምት የሚጣመመው፣ በበጋም የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን የተፈጥሮ ጉድለት ለማካካስ የሚከተለው ዘዴ ተገኝቷል። ግንዱ በሙቅ ውኃ ወይም በእንፋሎት ከለሰለሰ በኋላ በማሽን ላይ ይሽከረከራል፤ በርዝመቱ ልክ የሆነ ስለትም ዙሪያውን ይልጠዋል። የሚወጣው ስስ ልጣጭ ከጥቅል እንደሚተረተር ጨርቅ ነው። ልጣጩ በልክ ተቆርጦ ይደርቃል፤ ሙጫ ይቀባል፤ የአንዱ ጅማት ከቀጣዩ ጅማት ጋር መስቀለኛ እንዲሆን ተደርጎ ይነባበራል፤ በሙቀትና በግፊትም ይጣበቃል። አንዱ ልጣጭ በአግድሙ ሊያብጥ ሲል፣ ከላዩና ከታቹ ያሉት ልጣጮች በርዝመታቸው ይይዙታል። ሁለቱ የውጭ ፊቶች ጅማታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድና ጉተታው ከመካከሉ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን፣ የልጣጮቹ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ 3፣ 5፣ 7 እየተባለ በጎዶሎ ይሄዳል። በገበያ የሚገኘው የተለመደ ልክ 2.44 በ1.22 ሜትር ነው።

ይህ በጥቅሉ ነው። ለጀልባ የሚሆነው ከዚህ ወገን አንዱ ዓይነት ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚለይባቸውን ባሕርያት በ6ኛው ክፍል እንመለከታለን።

3. ሌሎች ቋንቋዎች እንዴት ሰየሙት?

አንድን ነገር የሚሰይሙ ቋንቋዎች ሁሉ የነገሩን አንድ ገጽታ ብቻ መርጠው ነው የሚሰይሙት። የተነባበረው ጣውላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። እንግሊዝኛ መደራረቡን አይቶ «ፕላይውድ» አለው፤ «ፕላይ» የሚለው ማጠፍን ከሚያመለክት የፈረንሳይኛ ግሥ የመጣ ሲሆን እጥፍ ወይም ንብር ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ልጣጮቹ በተቃራኒ መለጠፋቸውን አይቶ «ኮንትርፕላኬ» አለው። ጀርመንኛ እንጨቱ ከማበጥና ከመጣመም መታገዱን አይቶ «ሽፔርሆልትስ»፣ የታገደ እንጨት፣ አለው። ጣሊያንኛ ደግሞ ጉተታው እርስ በርሱ መካካሱን አይቶ «ኮምፔንሳቶ»፣ የተካካሰ ወይም የተመጣጠነ፣ ብሎ ጠራው።

ወደ አማርኛ አስቀድሞ የገባው የጣሊያንኛው ነው። «ኮላ»፣ «ሞራሌ»ና «አርማታ» ከገቡበት የግንባታና የአናጢነት መንገድ ገብቶ «ኮምፔርሳቶ» ሆነ። ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። ድምፁ ተለውጧል፤ «ን» «ር» ሆናለች። መመጣጠን የሚለው ፍቺው ጠፍቷል፤ ጣሊያንኛ የማያውቅ ተናጋሪ በቃሉ ውስጥ ምንም አይሰማም። ትርጉሙም ጠብቧል፤ «ክፍሉ በኮምፔርሳቶ ተከፍሏል» ሲባል የምንረዳው ለቤት ክፍልፋይና ለኮርኒስ የሚሆነውን ስሱን ጣውላ ነው። ኋላ የመጣው «ፕላይውድ» ወፍራሙን ሲወስድ፣ ከእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጋግሮ የሚሠራው ደግሞ «ችፑድ» ተብሏል። ሦስቱ በሸማቹ አንደበት አልፎ አልፎ ይቀላቀላሉ፤ ውኃ ላይ ግን ልዩነታቸው ፈጥኖ ይታያል፤ የተለመደው ችፑድ ከረጠበ ያብጣል፤ ይፈረካከሳልም።

ስለ ጀልባው ዓይነትም ቋንቋዎቹ አልተስማሙም። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ከባሕር ጋር ሲያያይዙት፣ ጀርመንኛ «ቦትስባውሽፔርሆልትስ»፣ ማለትም ለጀልባ መሥሪያ የሚሆን፣ ይለዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ባሕር ለዚህ ነገር የግድ የሚያስፈልግ መለያ አለመሆኑን ነው።

4. «ባሕር» በአማርኛ

«ማሪን» የሚለውን «የባሕር» ብሎ መመለስ ትክክል የሚመስለው ቃሉን ለብቻው ስንመለከተው ነው። በአማርኛ ግን «ባሕር» ለሌላ ስም ገላጭ ሆኖ ሲገባ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የራሱ ሥራ አለው።

ሀ) ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ይሆናል። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ዛፍ «ባሕር ዛፍ» የተባለው ባሕር ተሻግሮ በመምጣቱ ነው። በቆሎም በአንዳንድ ቦታ «የባሕር ማሽላ» ይባል ነበር። በዚህ አካሄድ «የባሕር ጣውላ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ወይ የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ ወይ ከውጭ አገር የመጣ ጣውላ ነው ብሎ ቢረዳ፣ የተረዳው ቋንቋው እንዳስተማረው ነው።

ለ) ማንኛውም ሰፊ ውኃ ማለት ይሆናል። ባሕር ዳር የቆመችው በሐይቅ ዳር ነው፤ ስሟ ግን ባሕር ይላል። ይህ አጠቃቀም ለተርጓሚው የሚያመች ይመስላል፤ ሆኖም ሐይቅንና ባሕርን ለይቶ በትምህርት ቤት የተማረ አንባቢ በዚህ አይረዳውም።

ሐ) ጨው ያለው ታላቅ ውኃ ማለት ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው። እንዲህ የተረዳው አናጢ «እኔ የምሠራው ለሐይቅ ነው፤ የባሕሩ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ርካሹን ጣውላ ይገዛል።

ይህ አስተሳሰብ ከእውነቱ ጋር ይቃረናል። እንጨትን የሚያበሰብሱት ፈንገሶች እርጥበትና አየር ይፈልጋሉ፤ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 ከመቶ በላይ ሲሆን ይስማማቸዋል፤ ጨው ግን ይከለክላቸዋል። ስለዚህ በጀልባ ወለል ላይ የሚቋጥር የዝናብና የሐይቅ ውኃ ከጨው ውኃ ይልቅ ለብስባሴ ያጋልጣል። የጣና፣ የዝዋይ፣ የሐዋሳና የጫሞ ውኃ እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በስተኋላ የተኛው ውኃም የዓባይ ውኃ ነው። በነዚህ ሁሉ ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት ጀልባ ጥሩ ጣውላ የሚያስፈልገው ባሕር ላይ ከሚንሳፈፈው ባላነሰ ነው።

የጣና ታንኳ ሠሪዎች የውኃን ጠባይ አሳምረው ያውቁታል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከውኃው ተጎትቶ ይወጣል፤ በፀሐይም ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። በደንገል ፈንታ በጣውላ ሥሩ የሚል መመሪያ ሲቀርብላቸው፣ ቢያንስ የትኛው ጣውላ እንደ ሆነ በማያሻማ ቃል ሊነግራቸው ይገባል።

5. ልደታ የሰማነው

በልደታ አንድ የእንጨት መሸጫ ገብተን የረቂቁን የመጀመሪያ ቃል ሞከርን። «የባሕር ጣውላ አለ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ወጣቱ ሻጭ ግድግዳ ተደግፎ ወደ ቆመው የባሕር ዛፍ ጣውላ ጠቆመን። «ማሪን የሚባለውን ነው» ስንለው ፊቱ ፈካ። «እንደሱ ይበሉኛ፣ ጋሼ! ጥቁሩን ነው ቡናማውን?» አለን። ያወጣልንም በሁለት ፊቱ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን የተለጠፈበትን፣ አርማታ ለመሙላት ቅርጽ መያዣ የሚሆነውን ጣውላ ነበር።

እንግዲህ የተውሶው ቃልም ከትርጉሙ ያልተሻለ ሆኖ አገኘነው። በአዲስ አበባ የግንባታ ገበያ «ማሪን» የሚለው ስም ወደ አርማታ መሙያው ጣውላ ዞሯል። የትርጉም ሽግግሩ እንዴት እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። የአርማታ መሙያው ጣውላ እርጥብ ሲሚንቶ እንዲችል ውኃን በሚቋቋም ሙጫ ሊሠራ ይችላል፤ በዚህ ባሕርዩ ከጀልባው ጋር ይመሳሰላል፤ ስለ ተመሳሰለም ስሙን ወሰደ። ውስጡ ክፍተት ይኑረው አይኑረው ግን ለአርማታ ሠራተኛ ይህን ያህል አያሳስበውም። የሚያብረቀርቀው ሽፋንም ሙጫና ቀለም በሚገባ እንዳይዙበት ያደርጋል፤ ይህም ለአርማታው ጥቅም፣ ለጀልባው ጉዳት ነው።

ዋናው ስም ተትቶ ገላጩ ብቻ መቅረቱም የታወቀ የቋንቋ ሂደት ነው። ልደታ ራሱ «ልደታ ለማርያም» ከሚለው የቤተ ክርስቲያኑ ስም የቀረ የሰፈር ስም ነው፤ በግእዝ «ልደቷ» ማለት መሆኑን ሰፈሩን የሚጠራ ሁሉ አያስበውም። «ማሪን ፕላይውድ» «ማሪን» ሲባልም እንዲሁ ነው። የቀረው ቃል ከመነሻው ይለያል፤ በገበያው ውስጥም የራሱን ኑሮ ይኖራል።

በዚያው አካባቢ በወጣትነታቸው በተግባረ እድ የተማሩ አንድ አረጋዊ አናጢ አነጋግረን ነበር። ተግባረ እድ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የሙያ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ስሙም «የእጅ ሥራ» ከሚለው ግእዝ ተወስዶ በሕዝብ አፍ የገባ የተሳካ ስያሜ ነው። አረጋዊው የያዝነውን ናሙና ተቀብለው ፊቱን ሳያዩ ወደ ጎን አዞሩት። «ፊቱን ተወው፣ ዶክተር፤ ፊት ሁሉም ያምራል። ጠርዙን እየው። ሆዱ ባዶ ከሆነ እዚህ ይታወቃል» አሉን። ቅኔ የቆጠረ ሰው ውስጠ ወይራ ብሎ የሚያውቀውን ነገር እኚህ ሰው በጣታቸው አሳዩን። ለቃል አሰያየምም ይኸው መመሪያ ሆነን፤ ከስያሜው ፊት ይልቅ የጽንሰ ሐሳቡን ጠርዝ ማየት ይገባል።

6. ለጀልባ የሚሆነውን የሚለዩት ባሕርያት

በዚህ ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው የብሪታንያ ደረጃ ቢኤስ 1088 ነው፤ በ1966፣ በ2003ና በ2018 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ወጥቷል። ለተርጓሚ የሚጠቅሙት ነጥቦች አራት ናቸው።

ሀ) ሙጫው። የቤት ውስጥ ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ ይጣበቃል፤ ይህም ውኃ ሲያገኘው ይለቃል። ለጀልባ የሚሆነው ፍላትን በሚችል፣ በተለይ በፌኖል ፎርማልዴሃይድ፣ ይጣበቃል። የፌኖሉ መሥመር በጠርዙ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው መቀቀል ነው። ኢኤን 314 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ለከፍተኛው ክፍል ናሙናው 4 ሰዓት እንዲቀቀል፣ ከ16 እስከ 20 ሰዓት በ60 ዲግሪ እንዲደርቅ፣ እንደገና 4 ሰዓት እንዲቀቀልና በቀዝቃዛ ውኃ እንዲበርድ አድርጎ ማጣበቂያውን ይፈትናል። አንድ አናጢም ቁራጭ ቆርጦ በድስት ሊሞክረው ይችላል። ነገር ግን አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የእኛ ፍላት በባሕር ጠለል ላይ ካለው የለዘበ ነው። በድስታችን የተላቀቀ ጣውላ ያለ ጥርጥር ይጣላል፤ ያልተላቀቀው ግን ዓለም አቀፉን ፈተና አልፏል ማለት አይደለም።

ለ) ውስጡ። በውስጠኛው ልጣጭ ላይ ክፍተት ካለ ጣውላው ለጀልባው ጎን ሲታጠፍ በዚያ ቦታ ይሰበራል፤ በተጨማሪም ውኃ ገብቶ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ይሆናል። ደረጃው ክፍተትን በጥብቅ ይወስናል። አራቱንም ጠርዝ ዞሮ ማየት፣ ፊቱንም በጣት ማንኳኳት ከዚህ የመጣ ልማድ ነው።

ሐ) የልጣጩ ብዛትና ውፍረት። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከ3 ልጣጭም ከ5 ልጣጭም ሊሠራ ይችላል፤ ለጀልባ 5ቱ ይመረጣል። ውጫዊው ፊት እንደ ወረቀት ከሳሳ ጥቂት ፍቅፈቃ ያልፈዋል። ለቀላል ታንኳ 4፣ ለትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ጎንና ወለል 6 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ ሞተር የሚሰቀልበት የኋላ ሰሌዳ ግን ተደራርቦ በብዙ ይወፍራል።

መ) የእንጨቱ ዓይነት። በዓለም ገበያ ከታወቁት አንዱ ከጋቦን የሚመጣው ኦኩሜ ነው። ቀላል ስለሆነ የ6 ሚሊ ሜትሩ አንድ ጣውላ ክብደት ከ8 እስከ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም ኦኩሜ በተፈጥሮው ብስባሴን አይቋቋምም።

የመጨረሻው ነጥብ የረቂቁን ሦስተኛ ስያሜ ይሽራል። ለጀልባ የሚሆነው ጣውላ «ውኃ የማያስገባ» አይደለም። ውኃን የሚችለው ሙጫው ነው፤ እንጨቱ እንደ ማንኛውም እንጨት ውኃ ይጠጣል፤ የጸረ ብስባሴ መድኃኒትም የግድ አልተነከረበትም። ስለዚህ ጠርዙና ፊቱ በኢፖክሲ ወይም በሌላ መሸፈኛ መታሸግ አለበት። «ውኃ የማያስገባ» የሚለውን ያነበበ አናጢ ግን «ካላስገባ ምን ያሳሽገኛል?» ቢል ከእርሱ ጋር መከራከር አይቻልም፤ ያሳሳተው ቃሉ ነውና።

7. የስያሜው አመራረጥ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች «የባሕር ጣውላ»ን፣ «ማሪን»ንና «ውኃ የማያስገባ እንጨት»ን ትተናል። የተውሶ ቃልን የተውነው በተውሶነቱ ጠልተነው አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኖኅ መርከብ ሲናገር የእንጨቱን ስም በዕብራይስጡ «ጎፈር» ብሎ ትቶታል፤ ዛፉ በእርግጥ ተለይቶ አልታወቀምና። መለቅለቂያውን ግን በሚታወቅ ቃል «ቅጥራን» ብሎታል። ያልታወቀውን እንዳለ መተው፣ የታወቀውን በታወቀ ቃል መጥራት ጤናማ አካሄድ ነው። «ማሪን»ን ለመተው ያስገደደን፣ ቃሉ በገበያችን ሌላ ነገር የሚጠራ መሆኑ ነው።

ለጠቅላላው ወገን «ንብብር ጣውላ» የሚለውን እናቀርባለን። ሥሩ «ተነባበረ» ነው። «ድርብ» እና «ድርብርብ» የሚሉትንም መርምረናል፤ ነገር ግን «ድርብ» ሁለት ብቻ መሆንን ያሳስባል፤ «ደረበ»ም ልብስ በልብስ ላይ እንደሚደረበው ሳይጣበቁ መደራረብን ይጨምራል። «ተነባበረ» ግን ከማእድ ቤት ጀምሮ የታወቀ ነው። አነባበሮ እንጀራ በእንጀራ ላይ ተነባብሮ፣ በመካከሉ ቅመምና ቅባት ገብቶ አንድ ሆኖ የሚቀርብ ነው። ልጣጭ በልጣጭ ላይ፣ ሙጫ በመካከል፤ ምስሉ ከዚህ የበለጠ ሊቀርብ አይችልም።

ለልዩ ዓይነቱ «የጀልባ ንብብር ጣውላ»፣ ባጭሩ «የጀልባ ንብብር» የሚለውን መርጠናል። ጀርመኖች እንዳደረጉት የሚያገለግልበትን ሥራ ይናገራል፤ ባሕርንና ሐይቅን አያለያይም። «የታንኳ» ያላልነው፣ ታንኳ በጣና አካባቢ በመጀመሪያ የደንገሉን ስለሚያሳስብ ነው።

ቃል በቃል መመለስ ሁልጊዜ ያሳስታል ማለታችን እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ «ሚረር» የተባለች ትንሽ ጀልባ ወጥታ ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። ጣውላዎቿ በጠርዛቸው ተበስተው በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፤ መጋጠሚያቸውም በመስታወት ጭረት ጨርቅና በሙጫ ይሸፈናል። የረቂቁ ተርጓሚ ይህን አሠራር «ስፌት» ብሎታል፤ እኛም አልነካነውም። ሞሰብ የሚሰፋበት ቋንቋ ጀልባም ቢሰፋበት አይደንቅም።

8. ለመዝገበ ቃላት የቀረቡ ፍቺዎች

ንብብር ጣውላ (ስ.)፦ ስስ የእንጨት ልጣጮች ጅማታቸው መስቀለኛ ሆኖ እየተነባበሩ በሙጫ የተጣበቁበት ጣውላ። በንግድ፦ ፕላይውድ፤ ስሱ፦ ኮምፔርሳቶ። ከችፑድ ይለያል።

የጀልባ ንብብር (ስ.)፦ ፍላት ቻይ በሆነ ሙጫ የተጣበቀ፣ የውስጥ ክፍተቱ በደረጃ የተወሰነ፣ ለጀልባ አካል መሥሪያ የሚሆን ንብብር ጣውላ። ማስታወሻ፦ እንጨቱ ውኃ ስለሚጠጣ መታሸግ ያስፈልገዋል።

የአርማታ ንብብር (ስ.)፦ በፊቶቹ ላይ የሚያብረቀርቅ ሽፋን የተለጠፈበት፣ አርማታ በሚሞላበት ጊዜ ቅርጽ መያዣ የሚሆን ንብብር ጣውላ። በአዲስ አበባ ገበያ፦ ማሪን።

ልጣጭ (ስ.)፦ ከግንድ ዙሪያ በስለት የተላጠ፣ ለንብብር የሚሆን ስስ እንጨት። «ልባጥ» ግን ለጌጥ በላይ ላይ የሚለጠፈው ብቻ ነው።

ፍላት ቻይ (ቅ.)፦ በተወሰነ የመቀቀል ፈተና የማይለቅ፤ ስለ ሙጫ የሚነገር። «ውኃ የማያስገባ» በሚለው አይተካም።

ውስጠ ክፍተት (ስ.)፦ በንብብር ጣውላ ውስጠኛ ልጣጮች መካከል የሚገኝ ባዶ ቦታ። በአናጢዎች አነጋገር፦ ሆደ ባዶነት።

መላቀቅ (ስ.)፦ የሙጫው መያዣ በመልቀቁ የልጣጮች እርስ በርስ መለያየት።

ለተርጓሚዎች አንድ ምክር እንጨምራለን። የትኛውም ስም፣ የእኛንም ጨምሮ፣ በዕቃ መግዣ ዝርዝር ላይ ብቻውን መቆም አይገባውም። ውፍረቱ፣ የልጣጩ ብዛት፣ የሙጫው ዓይነትና የደረጃው ቍጥር ከስሙ ጋር ይጻፉ። የረቂቁ ዝርዝር ከታረመ በኋላ እንዲህ ይነበባል፦ «የጀልባ ንብብር ጣውላ፣ 6 ሚ.ሜ.፣ 5 ልጣጭ፣ ፍላት ቻይ ሙጫ፣ ቢኤስ 1088»።

ይህን ጽሑፍ ይዘን ወደዚያው የልደታ መሸጫ ተመልሰን ነበር። ወጣቱ ሻጭ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ «ንብብር» የሚለው ላይ ጥቂት ቆም አለ፤ ከዚያም «ይሄ እንኳ የለንም፣ ጋሼ» አለን። ይህ መልስ ለሥራችን በቂ ፍሬ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ለያንዳንዱ የተሳሳተ ቃል አንድ ጣውላ ተገኝቶልን ነበር፤ ትክክለኛው ቃል የሚፈለገው ነገር በዚያ አለመኖሩን ነገረን።

በጣና፣ በዝዋይ፣ በጫሞና በሌሎችም ሐይቆች ዳር ታንኳና ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ለጀልባ ክፍሎችና ለእንጨት ጉድለቶች የሚጠቀሙባቸው ቃላት ገና በሚገባ አልተሰበሰቡም። አንባቢዎቻችን የሚያውቋቸውን ቃላት፣ ከተሰሙበት ቦታና ከአገባባቸው ምሳሌ ጋር፣ ቢልኩልን በቀጣዩ የቃላት ዝርዝር ውስጥ እናካትታቸዋለን።